«ለጊዜው ነው» እያልን ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት አናስቀር

ሐርጌሳ ያላችሁ፣ ቡርዖና ቦረማ ያላችሁ፣ አገር ቤትም ባሕር ማዶም ሆናችሁ የእኛን ነገር የምትከታተሉ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ስለ ካርድ እድሳትም፣ ስለ እርዳታ ገንዘብም፣ ስለ ፕሮሰስም አልጽፍም። የምጽፈው ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ስለመቅረታቸው ነው። ረዘም ይላልና ሻያችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችም አንብቡላቸው፤ የተጻፈው ለእነሱ ጭምር ነው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ በሄድኩበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል እሰማለሁ። «ልጁ የመማር ፍላጎት የለውም።» እናት ትለዋለች፣ አባት ይለዋል፣ አስተማሪውም ይለዋል። ወዲያው ፍርዱ ይከተላል፦ ሰነፍ ነው፣ ስልክ አበላሸው፣ ጓደኛ አበላሸው፣ የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ነው። ልጁ ደግሞ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ስለ ራሱ የተባለውን ሁሉ ይሰማል፣ እያደርም ያምነዋል።

እኔ ግን ነገሩን ከኋላ ይዘነዋል እላለሁ። ፍላጎት ያጣ ልጅ ከትምህርት እንደሚቀር እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ልጁ መጀመሪያ ይቀራል፣ የሚቀረውም እሱ ባላመጣው ምክንያት ነው። ፍላጎቱ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። አንዲት እናት «ወንድሜ፣ እስቲ አንተ ምከርልኝ፤ የኔን ምክር ንቆታል» ብላ ጠራችኝ። ልጇ 13 ዓመቱ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል። እኔም ከመምከሬ በፊት ደብተሮቹን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። እዚህ ትምህርት ቤት ልጆች የየቀኑን ትምህርት ሲጀምሩ ከላይ ቀኑን ይጽፋሉ። ሶማሊዎች ቀንን «ታሪኽ» ነው የሚሉት። እናም የልጁ ታሪክ እዚያው ደብተሩ ላይ በቀን በቀኑ ተጽፎ አገኘሁት።

በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚያምር ነው። ርዕሱ በቀይ፣ መስመሩ በማስመሪያ። ከዚያ አራት ቀን ዘለለ። እናቱን «ይህን ጊዜ ምን ነበር?» አልኳት። ትንሿ ልጅ ታማ ክሊኒክ ስትመላለስ ሶማሊኛ የሚያስተረጉምላት እሱ ነበር። እንደገና ሁለት ቀን ዘለለ። የካርድ ቀጠሮ ነው። እንደገና አንድ ሳምንት ሙሉ። አከራዩ ኪራይ ጨምሮባቸው ቤት ሲቀይሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሒሳብ ደብተር ስገልጥ ጥያቄዎቹ ተገልብጠዋል፣ መልስ ግን የለም። ትንሽ ቆይቶ ጥያቄውም ቀረ፤ የኳስ ተጫዋቾች ሥዕል ሆነ። ከዚያ ባዶ ወረቀት።

እናቱ ዝም ብላ አየችው። «እኔ ነኛ ያስቀረሁት?» አለች። አይደለም እህቴ፣ ያስቀረው ኑሮው ነው። ሰነፍ የሚለው ስም ግን የተለጠፈው በልጁ ላይ ነው።

አሁን እስቲ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የሒሳብ አስተማሪ ቅዳሜ ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ያስተምራል፣ እሑድ መደመሩን፣ ሰኞ መቀነሱን። ልጃችን ቅዳሜና እሑድ ቀርቶ ሰኞ ሲገባ ሌሎቹ ሲጽፉ እሱ ያያል። እጁን አያወጣም። አስተማሪው ቢጠይቀው አያውቅም። ክፍሉ ይስቃል። ማክሰኞ ጠዋት ሆዱን ያመዋል። ይህ የሆድ ሕመም ውሸት አይደለም፤ ልጅ ሲፈራ ሆዱን ያመዋል። እናት «እሺ ዛሬ እረፍ» ትላለች። ረቡዕ ያልገባው ነገር በአንድ ቀን ጨምሮ ይጠብቀዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ በሁለት ወር ውስጥ ልጁ ትምህርት «አይወድም»። የማይገባውን ነገር በየቀኑ አምስት ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚወድ ሰው የት አለ? ትልቅ ሰውስ ይወዳል?

በሌሎች አገሮች ያሉ የትምህርት ባለሙያዎች ለዚህ ነገር መለኪያ አውጥተዋል። ከትምህርት ቀናቱ 10 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ አደጋ ላይ ነው ብለው ይይዙታል። በዓመት 180 የትምህርት ቀን ቢኖር 10 ከመቶው 18 ቀን ነው። ይህ ማለት በወር ሁለት ቀን ገደማ ነው። በወር ሁለት ቀን! እኛ ቤት በወር ሁለት ቀን መቅረት እንደ መቅረት ይቆጠራል እንዴ? ደግሞ ልብ በሉ፣ ልጁ በፈቃድ ቀረ፣ በሕመም ቀረ፣ ጠፍቶ ቀረ፣ ሁሉም እኩል ነው የሚቆጠረው። አስተማሪው ያስተማረው ትምህርት ምክንያታችሁ በቂ ነው ብሎ ተመልሶ አይመጣምና። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ 18 ቀን የቀረ ልጅ በጠቅላላው 144 ቀን ቀርቷል። አንድ ሙሉ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የጎደለው ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ሲመጣ ይህ ጉድለት ይወጣል።

ታዲያ የእኛ ልጆች ለምን ይቀራሉ? በዚህ ከተማ ያየሁትን ልዘርዝር። ቀጠሮ ሲኖር ልጅ እንዲያስተረጉም ይወሰዳል። እናት ልብስ ለማጠብ ወይም ሰው ቤት ለመሥራት ስትወጣ ትልቋ ልጅ ሕፃን ትጠብቃለች። ቤት ይቀየራል፣ ትምህርት ቤቱ ይርቃል። ዩኒፎርም ይቀደዳል፣ ጫማ ያልቃል፣ ልጁ ያፍራል። እዚህ የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው ቅዳሜ፣ የሚዘጋው አርብ ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድን እንደ አገር ቤት እረፍት አድርገው ልጅ የሚያስቀሩም አሉ። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ «ሐበሺ» እየተባለ ስለሚሰደብ ይቀራል፣ ለእናቱ ግን አይነግራትም። የእናቱን ጭንቀት ያውቃላ።

ቋንቋውም አለ። ብዙ ወላጅ «ልጄ ሶማሊኛ ይናገራል» ብሎ ይረካል። የሰፈር ሶማሊኛና የትምህርት ቤት ሶማሊኛ ግን አንድ አይደለም። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፣ ፊደሎቹም እንግሊዝኛ ላይ ከምናውቀው ድምፅ ይለያሉ። «ሒሳብ» የሚለውን ቃል እነሱም እንደኛው ይሉታል፣ ሲጽፉት ግን በኤክስ ይጀምራሉ፤ ኤክስ ለእነሱ «ሐ» ነው። «ዒልሚ» ማለትም ዕውቀት ሲሉ በሲ ይጀምራሉ፤ ሲ ለእነሱ «ዐ» ነው። ቤቱ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር፣ አገር ቤት ጥቂት እንግሊዝኛ ፊደል የቆጠረ ልጅ ይህን ሲያይ ያውቀው የነበረውም ይጠፋበታል። በሶማሊኛ እንደምንም ተላምዶ ስምንተኛ ክፍል ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። እንዲህ ላለ ልጅ አንድ ሳምንት መቅረት ለአገሬው ልጅ ሦስት ሳምንት እንደመቅረት ነው። ያመለጠውን ቤት ውስጥ የሚያስረዳው ሰው የለውማ።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራየን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ሰውን ለሥራ የሚያነሳሳው ምንድን ነው ብለው ለብዙ አሥርት ዓመታት አጥንተዋል። ከደረሱበት ነገር ዋናው በእኛ አነጋገር ሲነገር ሦስት ነው። ሰው «ነገሩ የራሴ ነው» ሲል፣ «እችለዋለሁ» ሲል፣ «ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ» ሲል ይነሳሳል። አሁን የእኛን ልጅ በዚህ መዝኑት። ቋንቋውና ያመለጠው ትምህርት «እችለዋለሁ» የሚለውን ወሰደበት። ስድቡ «ከእነሱ አንዱ ነኝ» የሚለውን ወሰደበት። «የራሴ ነው» የሚለውን ማን ወሰደበት? ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ስንፍና የተባለ ነገር ሁሉ ስንፍና እንዳልሆነ ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ በሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በ75 ትምህርት ቤቶች ለልጆች የሆድ ትላትል መድኃኒት ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱን ባገኙት ትምህርት ቤቶች የልጆች መቅረት በሩብ ያህል ቀነሰ። ይህን ካጠኑት አንዱ ማይክል ክሬመር በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እነዚያ ልጆች የጎደላቸው ምክር አልነበረም፤ መድኃኒት ነበር። ሁለተኛው ከአገራችን ነው። ፍሬወይኒ መብራህቱ የምትባል እህታችን መቀሌ ላይ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁማ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። የተነሳችበት ምክንያት ሴት ልጆች የወር አበባ ሲመጣባቸው ከትምህርት መቅረታቸው ነው። እናቶች፣ ሴት ልጃችሁ በየወሩ ሦስት ቀን «አሞኛል» ካለች ቁጣውን አቆዩትና ቀስ ብላችሁ ጠይቋት። በወር ሦስት ቀን ማለት ቅድም ካየነው ከ10 ከመቶው በላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ለጊዜው» ወደሚለው ቃል።

እኛ ስደተኞች በቀን ስንት ጊዜ እንደምንለው ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ለጊዜው ነው እዚህ ያለነው። ለጊዜው ይህን ሥራ ልሥራ። ለጊዜው ትንሽ ቤት እንከራይ። ለእኛ ለትልልቆቹ ይህ ቃል መጽናኛ ነው፣ ያቆመንም እሱ ነው፤ አልነቅፈውም። ልጅ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ትርጉም ይይዛል። «ለጊዜው ከሆነ ለምን እለፋለሁ? ፕሮሰሳችን ሲያልቅ እዚያ እማራለሁ።» አንድ ዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ወጣት ይህንኑ ነግሮኛል። «እዚህ የምማረው እዚያ አይቆጠርም» አለኝ። ፋይላቸው ከተከፈተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። «የራሴ ነው» የሚለውን የወሰደበት ይህ ቃል ነው። ትምህርት ቤቱ የሌላ ሰው ሆነበት፣ ከተማው የሌላ ሰው ሆነበት፣ ዛሬም ራሱ የሌላ ሰው ቀን ሆነበት።

መራራ ቢሆንም እንነጋገር። ከዓለም ስደተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስተኛ አገር የሚሰፍሩት ከ1 ከመቶ በታች ናቸው። ይህ በሩ ሰፊ በነበረበት ጊዜም እንዲሁ ነበር። አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላዋን አገደች። ካናዳ በኖቬምበር 2024 አዲስ የአምስት ሰው ቡድን ስፖንሰር ማመልከቻ መቀበል አቆመች። ስንቶቻችን በዚያ ወቅት ሻንጣ ከፍተን ልብሳችንን መልሰን እንዳወጣን እናውቀዋለን። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የሚወጣ ይወጣል፣ ሲወጣም አብረን እንሸኘዋለን። ነገር ግን የልጅን ትምህርት ማንም ቀኑን በማያውቀው ነገር ላይ ማንጠልጠል አይገባም። ደግሞም ፕሮሰሱ ቢሳካስ? እዚያ የደረሳችሁ ዘመዶቻችን ምስክር ናችሁ፤ በብዙ ቦታ ልጅ ክፍል የሚመደበው በዕድሜው ነው። ክፍልፋይ ሳያውቅ 16 ዓመት የሞላው ልጅ እኩዮቹ አልጀብራ የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ያመለጠው ትምህርት አውሮፕላን ውስጥ አብሮት ይገባል።

«ለጊዜው» ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከተማ መሐል ያለውን የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልጆቻችን ሥሩ ፎቶ ይነሳሉ። በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ ሕዝቧ የሸሸው ወደ እኛ አገር ነበር። ከጅጅጋ ምሥራቅ ሐርተሼክ የሚባል ካምፕ ተከፈተ፣ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ገባበት። ያን ጊዜ ድንኳን የተከሉት ሰዎች ለስንት ጊዜ ነው የምንቆየው ሲባሉ «ለጊዜው» ነበር የሚሉት። ካምፑ የተዘጋው በ2004 ነው። 16 ዓመት! ብዙዎቹ ቀደም ብለው ተመልሰዋል፣ እስከ መጨረሻው የቆዩም ነበሩ። በሰባት ዓመቱ የገባ ልጅ እስከ መጨረሻው ቆይቶ ከሆነ የ23 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ወጣ። ዛሬ የምናያቸው አዛውንት ባለሱቆች፣ አስተማሪዎችና ነርሶች ውስጥ ያንን ስደት ያላለፈ ጥቂት ነው። አንድ ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ አስተማሪ ሲያጫውቱኝ፣ «እኛም እንደናንተ በየቀኑ የምንመለስበትን ቀን እናወራ ነበር። ወሬያችንን ትተው ልጆች ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሩ የነበሩ ሰዎች ግን ነበሩ። ስንመለስ ትምህርት ቤቶቹን የከፈቱት እነሱና ያስቆጠሯቸው ልጆች ናቸው» አሉኝ። ይህን ነገር ከራሳችን አገር አፈር ላይ ነው የተማሩት።

አንዳንዶቻችሁ «የተማረውስ የት ደረሰ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ልጆቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ዲግሪ ይዞ እዚህ ድንጋይ የሚሸከም ወንድም አለን። አገር ቤትም በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ። ልጆቻችን ይህን በስልካቸው ያያሉ። «ለምን እለፋለሁ» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ልጅ በዓይኑ የሚያየው ሁልጊዜ ሙሉ እውነት አይደለም። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የስምንተኛ ክፍል ወንዶች ልጆችን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ምን ያህል ያገኛል ብሎ ጠየቃቸው። ልጆቹ የገመቱት ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ነበር፤ በሰፈራቸው ያልተሳካለትን ሰው ብቻ ነበር የሚያዩት። እውነተኛውን ቁጥር የተነገራቸው ልጆች ካልተነገራቸው ይልቅ ትምህርት ላይ ቆዩ። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፣ የተሰጣቸው መረጃ ነው። እኛም ለልጆቻችን የምናወራላቸው የድንጋይ ተሸካሚውን ታሪክ ብቻ ነው። በዚሁ ከተማ ሶማሊኛና እንግሊዝኛ ጽፎ ስለሚችል በአስተርጓሚነት፣ በፋርማሲ፣ በሒሳብ ሠራተኛነት የሚኖረውን ስደተኛ ለምን አናሳያቸውም? ዳፊ የሚባለው የስደተኞች የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ በዓለም ደረጃ ከ1992 ጀምሮ አለ። ሁሉም አያገኘውም፣ ውድድር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ ልጅ ግን መወዳደርም አይችልም።

መብት መጠየቅም አለብን፣ እጠይቃለሁም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስደተኛ ልጅ ከአገሬው ልጅ እኩል እንዲታይ ያዛል። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 ደግሞ መንግሥታት ልጆች ሳያቋርጡ እንዲማሩ እርምጃ ይውሰዱ ይላል። ቀጠሮ የሚሰጡ ቢሮዎች ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቢያደርጉላቸው፣ አስተርጓሚም ቢያዘጋጁ ልጅ ከክፍል አይወጣም ነበር። ይህን በየስብሰባው እንናገር፣ በጽሑፍም እናቅርብ። መልሱ እስኪመጣ ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ።

አንደኛ፣ ቀን እንቁጠር። ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ። ልጁ የሄደበትን ቀን ራሱ ምልክት ያድርግ፣ የቀረበትንም ከነምክንያቱ ይጻፍ። ወር ሲያልቅ አብራችሁ ቁጠሩ። ሁለት ከደረሰ ደወል ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በቀረበት ቀን ማታ ደብተሩ ይሞላ። የክፍል ጓደኛው ቤት ሄዶ ይገልብጥ፣ ወይም በስልክ ፎቶ ይላክለት። ልጁ በማግስቱ ወደ ክፍል ሲገባ ባዶ እጁን አይግባ። ፍርሃቱን የሚቀንሰው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጅ አስተርጓሚ አይሁን። በየሰፈሩ ሶማሊኛ አቀላጥፎ የሚናገር ትልቅ ሰው አለን። በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሰው እንመዝግብና ክሊኒክም ቢሮም የሚሄዱ እናቶችን በተራ እናጅብ። እኔ በምኖርበት ሰፈር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ። ከዚህም ሌላ፣ እናት ስለ በሽታዋ ለሐኪም የምትናገረውን ልጇ እንዲተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ነው።

አራተኛ፣ ሕፃን መጠበቅን በተራ እናድርገው። አገር ቤት እድርና እቁብ የምናውቅ ሰዎች ነን። አምስት እናቶች ቢሰባሰቡ እያንዳንዷ በሳምንት አንድ ቀን የሁሉንም ሕፃናት ብትይዝ አምስት ትልልቅ ሴት ልጆች ከቤት ነፃ ይወጣሉ።

አምስተኛ፣ ጥያቄያችንን እንቀይር። «ለምን ሰነፍክ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «ከየት ጀምሮ ነው ያልገባህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀኑን ይነግራችኋል። ካልነገራችሁ ደብተሩ ይነግራችኋል። አስተማሪው ጋ ውጤት እስኪመጣ ሳትጠብቁ ሂዱ። ሶማሊኛ ባትችሉም ሂዱ፤ ወላጅ ያለው ልጅ መሆኑን ማየታቸው ራሱ ብዙ ነገር ይለውጣል። የሚሰድቡት ካሉም እዚያው ተናገሩ።

ከባሕር ማዶ ላላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የምትልኩት ገንዘብ ኪራያችን ነው፣ ምግባችን ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይጨምርላችሁ። ስትደውሉ ግን ለልጁ «አይዞህ፣ በቅርቡ እወስድሃለሁ» አትበሉት። በፍቅር እንደምትሉት አውቃለሁ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን ትቶ ስልኩን ነው የሚጠብቀው። ይልቅ «ዛሬ ምን ተማርክ?» በሉት። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ። አንድ የሒሳብ ጥያቄ በቪዲዮ አብራችሁት ሥሩ። አጎቱ ቅዳሜ ማታ እንደሚጠይቀው ያወቀ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት አይቀርም።

እናንተም ልጆች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ልንገራችሁ። ሰነፍ አይደላችሁም። ሁለት ሦስት ቋንቋ የምትናገሩ፣ ለእናታችሁ ቢሮ ውስጥ የምትከራከሩ ልጆች እንዴት ሰነፍ ትባላላችሁ? ፍላጎት እስኪመጣ ግን አትጠብቁ። ፍላጎት ከቤት አይመጣም፤ ሄዳችሁ ሁለት ሦስት ነገር ሲገባችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚመጣው። ከገባችሁ ነገር ጀምሩ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንድ ምዕራፍ ብትይዙም አያሳፍርም።

ቅድም የነገርኳችሁ ልጅ አሁን በሳምንት ሦስት ማታ አንድ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር የሰፈራችን ወጣት ክፍልፋይ ያስረዳዋል። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ወር አንድ ቀን ቀርቷል። አንድ ቀን ብቻ። ግድግዳው ላይ ራሱ ጽፎታል።

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የልጃችሁን አንድ ደብተር አንሡና ከላይ ያሉትን ቀኖች ተመልከቱ። የዘለለውን ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉልኝ፤ የምክንያቱንም ዓይነት ንገሩኝ። ስም አያስፈልግም። ሰብስበን ለሚመለከታቸው ሁሉ እናቀርበዋለን፣ በቁጥር የተነገረ ነገር ይሰማልና። ልጅ ማስረዳት የምትችሉ ወጣቶችም ሰፈራችሁን ጽፋችሁ አሳውቁኝ።

መቼ እንደምንሄድ አናውቅም። ልጆቻችን ግን ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት አላቸው።

ቸር ይግጠመን።